ጃንጥላውን ነው የመረጥነው

የምርጫው ዕለት ጠዋት አክስቴና ባሏ የተነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። ሦስታችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል፤ ዳቦው መሀል ላይ ነው፤ እሷ ሻይ ትቀዳለች፤ እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። «ጠይቃት፣ ነጩን ሸሚዜን የት እንዳደረገችው» አለኝ። አክስቴ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ሳታወርድ «ንገረው፣ ተተኩሶ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል» አለች። እኔም እንደ ታማኝ አስተርጓሚ ወደ እሱ ዞሬ «ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል ጋሼ» አልኩ። አክስቴ በዓይኗ ገረፈችኝ። «ተተኩሶ» ብዬ ጨመርኩ። ግጥም የሚሞካክር ሰው ቃል መቆጠብ ይወዳል፤ በዚያ ቤት ግን አንዲት ቃል መቆጠብ ጦር ያማዝዝ ነበር።

ጠቡ የተጀመረው በፖስተር ነው። አክስቴ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። የግቢው በር ላይ ባለችው አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋና አንድ መጋረጃ ይዛ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ የደም ግፊት ትለካለች። ለፌዴራሉ ምክር ቤት በግሏ ልትወዳደር ስትመዘገብ ለባሏ አልነገረችውም። «ቢከለክለኝስ ብዬ» ትላለች። እሱ አናጢ ነው፤ ዝምተኛ፤ ቀይ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማይለየው፤ ፊቱን ሲታጠብ እንኳ አውጥቶ ሳሙናው አጠገብ ያስቀምጥና አድርቆ ሳይጨርስ መልሶ ይሰካዋል። ነገሩን ያወቀው የብስክሌቱን ጎማ ሊያስነፋ ጎሚስታው ጋ በሄደበት ቀን ነው። የሚስቱ ፎቶ፣ ከሥሩም የምርጫ ምልክቷ ጃንጥላ፣ የጎሚስታው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘው። ጎሚስታው «እንኳን ደስ ያለህ!» ቢለው «በምን?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ያ «በምን?» በሰፈሩ ሲሳቅበት ሰነበተ። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴን አላናገራትም። እኔ ከመሀል ከተማ ለሥራ መጥቼ እነሱ ጋ ባረፍኩ ማግስት፣ ጓሮ እንጨት እየላገ፣ ሳልጠይቀው «ለእሷ ድምፅ ከምሰጥ ይቺ እጄ ትቆረጥ» አለኝ። አክስቴ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ልብስ እየሰበሰበች እንደነበር ሁለታችንም ያወቅነው አንሶላው ሲወርድ ነው።

ጋሼ ሸሚዙን ሊለብስ ሲገባ አክስቴ ወደ ክሊኒኳ ጠራችኝ። ከአልጋው ሥር አንድ ቡናማ ሻንጣ ነበር፤ ሞልቶ ተቆልፏል። «ኢንጂነሩ ቢያሸንፈኝ አይደንቀኝም» አለች፤ ኢንጂነሩ ወንበሩን ለዓመታት የያዘው ሰውዬ ነው። «ሰፈሩ በሙሉ ቢተወኝም እችለዋለሁ፤ ሰው ነው። ግን ይኼ ሰውዬ ያለውን ካደረገ፣ ከገዛ ቤቴ አንድ ድምፅ ካጣሁ፣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እናትህ ጋ ነኝ። አልመለስም።»

«በምን ታውቂያለሽ? ድምፅ እኮ ሚስጥር ነው» አልኩ።

«ታዲያ አንተ በር ላይ የምትገተረው ለምንድን ነው? ትጠይቀዋለህ!»

የምገተርበት ምክንያት ይህ ነው። አንድ የጥናት ድርጅት፣ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ማንን እንደመረጡ እየጠየቅሁ በታብሌት እንድመዘግብ ቀጥሮኛል። ከዚያ በፊት የዚህን የምርጫ ክልል ታሪክና የአመራረጥ ልማድ የሚያትት ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከግጥሞቼ ሁሉ አብልጬ ኮርቼበታለሁ። ይህ የከተማ ዳር ሰፈር በፊት የጡብ ፋብሪካ ጭቃ የሚዛቅበት ጉድጓድ እንደነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኞቹ እዚያው ዳገቱ ሥር እንደቀሩ፤ መምህራን በማኅበር ተደራጅተው ዳገቱ ላይ ባለአጥር ቤት እንደሠሩ፤ በኋላም ከወንዙ ማዶ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በደረጃ ላይ ብቻ የሚያውቅባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች እንደበቀሉ ጻፍኩ። የክልሉ ድንበር መጀመሪያ ወንዙ ነበር፤ ቀጥሎ ሕንፃዎቹን ለማስገባት ሲባል ከወንዙ ተሻገረ። የታች ሰፈር ሰው ቧንቧ ላስገባለት፣ የላይ ሰፈር ሰው አስፋልት ለዘረጋለት፣ የማዶ ሰው ደግሞ ፖስተሩ ላማረው ይሰጣል። ኢንጂነሩ አንዴ አስፋልት ዘርግቶ፣ አስፋልቱ ከተቦረቦረ በኋላም ምልክቱን አካፋ አድርጎ እያሸነፈ የኖረው ለዚህ ነው ብዬ «ይህ ክልል የሚመርጠው በመጨረሻ የቆፈረለትን ነው» ስል ደመደምኩ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ጭቃ ሆይ» ብሎ ይጀምር ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በቀይ ሰርዛ «ጥናት ነው ወይስ ልቅሶ?» ብላ ጻፈችበት። አክስቴ ተወዳዳሪ መሆኗን አንገቴን ደፍቼ ስነግራት ግን ፊቷ በራ። «እሰይ! እንግዲያው እዚያው ትመደባለህ። የሚያውቅህ ሰው አይዋሽህም።» የተማረች ሴት ናት፤ አመንኳት።

የምርጫ ጣቢያው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። አስፈፃሚዎቹ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ የልጆች ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል፤ በግድግዳው ላይ ቀጭኔና ፊኛ ተስሏል፤ የድምፅ ኮሮጆው የተቀመጠው አሻንጉሊት በሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር የታዛቢ ባጅ አንጠልጥለው በር በሩን ያያሉ። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ከስልክ እንጨት ሥር እንድቆም ተፈቅዶልኛል። እንጨቱ ጥላ አለው፤ የአንድ ክንድ ስፋት ያህል፤ ቀኑን ሙሉ ጥላውን እየተከተልኩ ስዞር ያየኝ የግድግዳ ሰዓት ሳልመስለው አልቀረሁም። ታብሌቱ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ምልክቶች አሉ፤ ከሥር «አልመለሰም» የሚል አለ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ጥያቄዬን ሌሊት በልቤ አጥንቼዋለሁ፦ ይቅርታ፣ ለጥናት ነው፣ ማንን እንደመረጡ ሊነግሩኝ ፈቃደኛ ነዎት? የመጀመሪያዋ ሰው ራሷ አክስቴ ነበረች። በማለዳ መርጣ ወጣች፤ ቀለም የነካ ጣቷን በሻርፕዋ ጠቅልላ፣ መሬት መሬት እያየች አለፈችኝ። እሷን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሳልጠይቅ ጃንጥላውን ነካሁ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ያስጨረሰኝ ሰው የለም። ፀጉር ሠሪዋ ጉንጬን ቆንጥጣ «ውይ የኔ ጌታ፣ ይሄማ ይጠየቃል? ጃንጥላውን ነዋ!» አለች። ባለሱቁ ከሩቅ ጀምሮ «ጃንጥላ! ጃንጥላ ብለህ ጻፍ!» እያለ መጣ። ጎሚስታው፣ ጥቁር እጁ ላይ የምርጫው ቀለም የቱ እንደሆነ ለራሱም ጠፍቶት፣ «ፖስተሩን ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ለጌጥ መሰለህ?» አለኝ። አንዲት አሮጊት ምንም ሳይሉ፣ ፀሐዩ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። እኔ ነካሁ፣ ነካሁ፣ ነካሁ። ብዙዎቹ ሲሄዱ ዞር ብለው «ሲስተር ነገ ክሊኒኩን ትከፍታለች አይደል?» ይሉኛል። «ትከፍታለች» እላለሁ። ለዚህ ጥያቄ ታብሌቱ ላይ ቦታ ስላልነበረ አልመዘገብኩትም። ሳስበው፣ የቀኑ እውነተኛ መረጃ እሱ ብቻ ነበር።

ረፋዱ ላይ ጋሼ መጣ። ነጩን ሸሚዝ ለብሷል፤ እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ እርሳሱ እንደ ልማዱ ከጆሮው ጀርባ ነው። ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሊያልፍ ነበር፤ አክስቴንና ሻንጣዋን አስቤ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ለጥናት ነው፣ ማንን እንደመረጡ…»

«ምን አገባህ?»

«ሥራዬ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ሥራህን ቀይር» ብሎ ሄደ። ሰው የሚያህል ነገር በምርጫ ጣቢያ በር ላይ አቁሞ ሚስጥር መጠየቅ ነውር መሆኑን ያን ቀን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። «አልመለሰም» የሚለውን ነካሁ። እስከ ማታ ሁለተኛ አልነካሁትም።

እኩለ ቀን ላይ ሥራ አስኪያጇ ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «እርግጠኛ ነህ? አንተ፣ ይሄ ክልል እኮ ተቀይሮ አያውቅም!» አለችኝ። እኔ እርግጠኛ መሆን የማውቀው ስለ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው፤ ግን «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ፤ አልፌ ተርፌም «የታች ሰፈርና የላይ ሰፈር ልማዳዊ ልዩነት ጠቧል» የሚል ሐረግ ጨመርኩላት። ብዙም ሳይቆይ በባለሱቁ ሬዲዮ፣ በዳር ሰፈሩ የምርጫ ክልል ያልተጠበቀ ነገር እየታየ መሆኑ ተነገረ። «ልማዳዊ ልዩነት ጠቧል» የምትለዋ ሐረግም አብራ ነበረች። በሕይወቴ የጻፍኩት ነገር በሬዲዮ ሲነበብ የመጀመሪያዬ ነው። ፀሐዩ ላይ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

ለምሳ ቤት ስገባ አክስቴ ከክሊኒኩ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ሬዲዮውን ሰምታለች፤ ፊቷ ግን የጠየቀው ሌላ ነው። «እሱስ?» አለች። «አልመለሰም» አልኩ። ጋውኗን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች፣ ፈታች፣ እንደገና ቆለፈች። «ደስ የሚል ነገር ቢሆን ይመልስ ነበር» ብላ ገባች። የሰፈሩ ነገር ግን ሆዷን ሞቅ ሳያደርገው አልቀረም። ማታ ሰው ቢመጣ የት እናስቀምጣለን ብላ ወንበር በኪራይ አስመጣች፤ አከራዩ የምርጫ ቀን ነው ብሎ ዋጋ ቢጨምርባትም እንደ ወትሮዋ አልተከራከረችም። እኔ የምስጋና ንግግር እንድጽፍ ታዘዝኩ። ለባሏ ደግሞ «ንገረው፣ ወንበሮቹን ይደርድርልኝ» አለችኝ። ነገርኩት። ያለ አንድ ቃል ደረደረው፤ እንደ አናጢ፣ አንዱን እግር ከሌላው እግር እያስተካከለ፣ የሚንገዳገደውን እየለየ፣ ሥሩ ስባሪ እንጨት እያስገባ። እኔ ጥግ ይዤ «ከዝናብ በፊት የተዘረጋችሁልኝ ሕዝቦች ሆይ» እያልኩ ጻፍኩ። እግዜር ይመስገን ያቺን ወረቀት ማንም አላያትም።

አመሻሽ ላይ ቆጠራው አለቀና ውጤቱ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ፣ ከቀጭኔው ጎን ተለጠፈ። ሰው ተሰብስቧል። አክስቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ቆማለች፤ እኔ ከኋላዋ፣ ጋሼ ከሁላችንም ርቆ ከአጥሩ ጋር። መምህሩ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ። አካፋ፦ የጣቢያው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጥቂት ጥቂት። ጃንጥላ፦ አንድ። መምህሩ ለማረጋገጥ ይሁን ከድንጋጤ «አንድ» ብለው ደገሙት። እኔ ታብሌቴን ከጀርባዬ ደበቅኩ፤ ሰዎቹ ግን ወደ እኔ አላዩም፤ ሁሉም ጫማውን ነበር የሚያየው። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «እሷንም የሰጠችው ራሷ ናታ!» አለ፤ ሌላው «ባሏ እንኳ!» ብሎ ተከተለው፤ ሳቅ አፈትልኮ በሳል ተሸፈነ። አክስቴ ወረቀቱን አየችው፤ አንገቷን ሳትሰብር በመሀላቸው አልፋ ወደ ቤት ሄደች።

ስልኬ ጮኸ። «የክልሉ ውጤት እየገባ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ፤ አሁን ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ኢንጂነሩ እንደ ልማዱ አሸንፏል። አክስቴ ደህና ድምፅ ያገኘችው ማንም በማያውቃት በማዶ ሕንፃዎች ነው። «የላክልኝ መረጃ አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው» አለችኝ። «ታብሌቱን ነገ አምጣ። አንተን ግን አታምጣ።» ከዚያ ወዲህ ግጥም ትቼ ልብ ወለድ መሞከሬን ያየ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ፣ የባለሙያ አስተያየት ተቀብዬ ነው እላለሁ።

የሚገርመው፣ ሰዉ ሁሉ ተከትሎን መጣ። ወንበር ተደርድሯል፤ ወንበር ተደርድሮ ደግሞ በባዶው አይተውም። ፀጉር ሠሪዋ፣ ባለሱቁ፣ ጎሚስታው፣ አሮጊቷ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝም ብለው ተቀመጡ። አክስቴ ሻይ አዞረች። ለእያንዳንዳቸው ስትሰጥ፣ ለማንም ስኳር አላጓደለችም፤ ማን ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ፣ ማን ስኳር እንደተከለከለ ታውቃለች። መጀመሪያ የፈነዳችው ፀጉር ሠሪዋ ናት።

«ሲስተርዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች እያለቀሰች። «አንቺ ምክር ቤት ከሄድሽ ልጄ ሲያተኩሰው የማንን በር ላንኳኳ?»

«ለእኔስ ግፊቴን ማን ይለካል?» አሉ አሮጊቷ።

ጎሚስታው ሻዩን ፉት አለና «ኢንጂነሩ እኮ ቢሄድም ባይሄድም ያው ነው። አይጎድልብንም» አለ። «ምክር ቤት የሚላከው የማይጎድልብን ሰው ነው እንጂ!»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የጡብ ፋብሪካውን፣ ቧንቧውንና አስፋልቱን፣ «በመጨረሻ የቆፈረለትን» ያልኩትን አሰብኩ፤ ሻዬ አነቀኝ። አክስቴ ከት ብላ ሳቀች፤ ግን ሳቋ ከዓይኗ አልደረሰም። ዓይኗ ጥላ ውስጥ ቆሞ የወንበር እግር የሚነካካው ባሏ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ በር ዞረ። ሻንጣው እዚያ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰዉ ሲበተን መምህሩ ወደ ኋላ ቀሩ። ነገር ማብረድ ፈልገው ይመስለኛል፣ ሳቅ ብለው «ግን ሲስተር፣ ያቺ አንድ ድምፅሽ እንኳ አከራክራን ነበር» አሉ። «እስክሪብቶ አስረን አስቀምጠን፣ በወፍራም ቀይ እርሳስ ታሰምሪበታለሽ? ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር እኮ! አስፈፃሚዋ ይጣል ብትል፣ እኔ ነኝ ‹ምልክቱ ግልጽ ነው፣ ይቆጠር› ያልኩት። ጭርሱን ዜሮ ልትሆኚ ነበር!» ደህና እደሩ ብለው ሄዱ።

አክስቴ ባለችበት ቀረች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ክሊኒኩ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባችኝ።

«አንተ ጠዋት እኔን አልጠየቅኸኝም» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑን ልጠይቅሽ?»

«ራሴን አልመረጥኩም።» ቀለም የነካ ጣቷን በሌላኛው እጇ ሸፈነችው። «ገባሁ፣ ፎቶዬን አየሁት፣ አፈርኩ። እንዴት ሰው በራሱ ላይ ምልክት ያደርጋል? እኔ ነኝ የምበልጥ ማለት እኮ ነው። ለኢንጂነሩ ሰጠሁት። ኢንጂነሩም በራሱ ጣቢያ ለእኔ ይሰጠኛል ብዬ።»

አክስቴ ቀና ብላ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ግቢው አየች። እኔም አየሁ። ጋሼ ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበ ነበር። ነጩ ሸሚዝ በድንግዝግዙ ውስጥ ይታያል፤ ከጆሮው ጀርባ ደግሞ እርሳሱ። ጫፉ ተሰብሯል።

አክስቴ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። በልማድ ተከትያት በመሀላቸው ቦታዬን ያዝኩ። «ንገረው» አለችኝና ተወችው። ዞር ብላ እሱን ራሱን አየችው።

«እስክሪብቶ አልነበረም?» አለችው።

ጋሼ የያዘውን ወንበር አስቀመጠ። «የሰው እስክሪብቶ አይመቸኝም» አለ። ቆይቶም «ብትነግሪኝ ኖሮ ፖስተሩን እኔ ሰቅዬው ነበር። ጎሚስታው አጣሞ ነው የለጠፈው» አለ።

«ይቺ እጅ አልተቆረጠችም?»

እጁን ገልብጦ አየው፤ አንዴ በውስጥ፣ አንዴ በውጭ። «ገና አለች» አለ።

«እንግዲያ ክሊኒኩ ውስጥ ከአልጋው ሥር ሻንጣ አለ፤ ወደ ቤት አስገባልኝ። ከብዶኛል።»

ምን ሻንጣ እንደሆነ አልጠየቀም። ገብቶ አወጣው፤ ክብደቱን ሲያነሳው ትንሽ ቆም ብሎ አያት፤ ከዚያ ትከሻው ላይ አደረገው። እሷ በሩን ከፈተችለት። «ቀስ፣ ደፉ ላይ» አለችው። «አየሁት» አላት። እኔ በወንበሮቹ መሀል ቆሜ የሚላክ ቃል እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። በአንድ ቀን ከሁለተኛው ሥራዬም ተባረርኩ።